ሪፈራል አጠገብ ያለችው ባለ 7 ክፍል አልጋ ቤት፦ ለኬሞ ሐዋሳ ለምትመጡ ባልና ሚስት

ይሄን የምጽፈው ለሁለት ሰው ነው። ሰሞኑን "የጡት ካንሰር ነው" ተብላ የቀጠሮ ወረቀት ለያዘችው ሴት፣ እና አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚለው ለጠፋው ባሏ። እኔና ባለቤቴም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። እሷ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ዛሬ ሕክምናዋን ጨርሳ በቀን አንድ ኪኒን ብቻ ነው የምትወስደው። ሁለታችንም ዲላ አንድ ትምህርት ቤት ነው የምናስተምረው፣ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ትወጣለች።

ስለ መድኃኒቱ ሐኪሙ ይነግራችኋል። ስለ ቀጠሮው ነርሷ ትነግራችኋለች። የት እንደምታድሩ ግን የሚነግራችሁ ሰው የለም። ከሐዋሳ ውጭ ለምትመጡ ደግሞ ማደሪያው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ቤቷ ከዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል ብዙ አትርቅም። ለጤነኛ ሰው በእግር 7 ደቂቃ ናት፣ ኬሞ (በደም ሥር የሚገባውን የካንሰር መድኃኒት) ወስዶ ለወጣ ሰው 15 ደቂቃ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚገባ የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያላት ግቢ። ታፔላ የላትም። ስሟን የማልጽፈው ባለቤቷ ስለለመኑኝ ነው። "ክፍሌ 7 ነው። ታሞ መጥቶ ሞልቷል ተብሎ ከበር የሚመለስ ሰው ማየት አልችልም" አሉኝ። ማግኘት ግን ከባድ አይደለም። የካንሰር ሕክምናው ክፍል ደጃፍ ላይ ፌስታልና ፔርሙዝ ይዘው የሚቀመጡትን አስታማሚዎች "የእትዬ ቤት በየት በኩል ነው?" በሏቸው። አንዱ ተነስቶ ያደርሳችኋል። እኛንም እንዲሁ ነው ያደረሱን።

ልዩነቱ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ያደርንበትን ሌላ ቤት ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የኬሞ ዙር ቀን የምናውቀው ነገር አልነበረም። ርካሽ ነው ብለን ከሥሩ ሥጋ ቤት ያለበት ፎቅ ላይ አልጋ ያዝን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የጥብሱ ጭስ በመስኮት ገባ። ቀጥሎ ቁሌቱ። ቀጥሎ ሙዚቃው። ባለቤቴ እኮ ድሮ ሽንኩርት ሲቁላላ ድስት ከፍታ የምታሸት ሰው ናት። ያን ቀን ግን አፍንጫዋን በነጠላ ጠቅልላ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲያስመልሳት አደረ። ጠዋት ሰውዬው አንሶላውን አይቶ "በሽታው ይተላለፋል እንዴ?" አለኝ። እሷ እየሰማች። የፍራሽ ብሎ ተጨማሪ ብር ጠየቀኝ፣ ከፍዬው ወጣን። ካንሰር አይተላለፍም። በመሳም፣ አንድ ትሪ ላይ በመብላት፣ አንድ አልጋ ላይ በመተኛት ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ይሄን እዚያ በር ላይ ጮክ ብዬ አለመናገሬ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከ21 ቀን በኋላ ለሁለተኛው ዙር ስንመለስ ፀጉሯ መርገፍ ጀምሯል። ሐኪሙ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይጀምራል ብሎን ነበር፣ እንዳለውም ሆነ። ከዲላ እስከ ሐዋሳ ሚኒባስ ውስጥ ሻሿን በእጇ ይዛ ነው የመጣችው፣ ንፋሱ ከወሰደው ሰው ያያል ብላ። ጩኮ ላይ አናናስ ሻጮቹ መስኮቱን ሲከቡት አንገቷን ደፋች። ሆስፒታል ደርሰን ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን የነበረች ሴት የሻሿን አያያዝ አይታ "የት ነው የምታድሩት?" ብላ ጠየቀችን። ገና አልያዝንም አልናት። "እንግዲያው ወደ እትዬ ሂዱ" አለችን።

እትዬ ወደ 60 ዓመት ገደማ ናቸው። ነጠላቸውን መስቀለኛ ታጥቀው በሩን ከፈቱልን። መታወቂያ ሳይጠይቁ፣ ዋጋ ሳይናገሩ፣ መጀመሪያ ያሉት ይሄንን ነው፦ "ልጄ፣ የቱ ሽታ ነው የማይሆንልሽ?"

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ራሴ ጠይቄያት አላውቅም። "ቡና" አለች ቀስ ብላ፣ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው። "ሲቆላ። ደግሞ ቁሌት።"

እትዬ ከመደርደሪያ ላይ ደብተር አወረዱ። ሽፋኑ ላይ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበት፣ ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ነው። በክር የታሰረች እስክሪብቶ ተንጠልጥላበታለች። ገልጠው ጻፉ፣ እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁት። "ክፍል 1፣ በረኪና። ክፍል 3፣ እንቁላል ሲጠበስ። ክፍል 6፣ ሽቶ፣ የሚሸት ሳሙናም።" ከሥሩ የኛ ገባ፦ "ክፍል 4፣ ቡና ሲቆላ፣ ቁሌት።"

ደብተሩ ለታይታ አይደለም፣ ቤቱ የሚሠራው በእሱ ነው። ቡናው የሚቆላው በቀን አንዴ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ሕመምተኞቹ ሆስፒታል ሲሆኑ፣ ከጓሮው አጥር ሥር ነው። ቁሌቱ ከክፍሎቹ ርቆ በቆርቆሮ በተከለለ ቦታ በከሰል ይሠራል፣ ንፋሱ ወደ ክፍሎቹ ከዞረ ድስቱ ይወርዳል። ክፍል 1 የሚወለወለው በሙቅ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና ነው። ይሄን ሁሉ ማን አስተማረዎት ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። መጀመሪያ የያዟት ሕመምተኛ ናት። እንግዳ ማክበራቸው ነውና አጠገቧ ቁጭ ብለው ቡና ቆሉላት፣ ጭሱን እንድታሸት ምጣዱን ወደ እሷ አስጠጉላት። ሴትዮዋ አመስግና ተነሳች፣ በር ላይ ደረሰች፣ እና እሳቸውን ላለማስቀየም መንገድ ድረስ ወጥታ አስመለሰች። "ተከትያት ወጥቼ አየኋት" አሉኝ እትዬ። ከዚያ በላይ አልነገሩኝም። ደብተሩን የገዙት በማግስቱ ነው።

ምግቡ ለየት ያለ ነው። ምናሌ የለም፣ እትዬ "ምን ይገባልሻል?" ብለው ይጠይቃሉ። ባለቤቴ አፏ ቆስሎ ስለነበር እንጀራ ይኮመጥጣታል፣ በርበሬ የነካው ነገር አይታሰብም። የቡላ ገንፎ በትንሽ ቅቤ፣ የአጃ ሾርባ፣ ሩዝ በካሮት፣ የዶሮ መረቅ፣ ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደል የመጣ የቆሮሶ ዓሣ ሾርባ አጥንቱ ተለቅሞ። ሁሉም በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ። የብረት ማንኪያ "ብረት ብረት ይለኛል" ስትል በፕላስቲክ ማንኪያ ተተካላት። ለካ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፣ መድኃኒቱ ጣዕም ይለውጣል። ከምግብ በኋላ አፏን የምትጉመጠመጥበት ለብ ያለ የጨው ውኃ ሁልጊዜ በር ላይ ይቀመጣል። የሚጠጣው ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው። ጥሬ ነገር እዚያ ግቢ አይገባም። ክትፎ ለብ ለብ የለም፣ ያልተፈላ ወተት የለም፣ ሰላጣ የለም፤ ፍራፍሬም ታጥቦ ተልጦ ነው የሚቀርበው። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚያወርድ ሰውነት ጀርም የሚከላከልበት አቅም ያንሰዋል። በነገራችን ላይ ሐዋሳ መጥታችሁ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ ሳትበሉ አትቀሩም። እዚያ ጥሬውን ቆርጠው በዳጣ ያቀርባሉ፣ ሰዉም ይወደዋል። እናንተ የተቀቀለውን ወይም በደንብ የተጠበሰውን ብቻ።

ሁለተኛው ዙር ከሁዳዴ ጋር ገጠመ። ባለቤቴ ከልጅነቷ ጀምራ ጾም አጉድላ አታውቅም። መረቁን ስታየው ፊቷን አዞረች። እትዬ አልተከራከሯትም። "የንስሐ አባትሽን ደውይላቸው" አሏትና ሰሃኑን ከድነው ሄዱ። ደወለች። አባታችን ገና ሳትጨርስ "የታመመ አይገደድም ልጄ፣ ብዪ፣ መድኃኒትሽ ነው" አሏት። እያለቀሰች ጠጣችው። ግቢው ውስጥ ሁሉም ዓይነት ሰው አለ። ክፍል 2 ያሉት ጴንጤዎች ማታ ማታ ቀስ ብለው ይዘምራሉ፣ ክፍል 7 ያሉት አባት ምንጣፋቸውን ማንጎው ሥር አንጥፈው ይሰግዳሉ። ማታ ስትተኙ ከግድግዳው ማዶ የማታውቁት ሰው የሚስታችሁን ስም ጠርቶ ሲጸልይ ትሰማላችሁ።

ስለ ሻሹ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ይዛ የመጣችው ናይለን ነበር፣ የሚያምር። ፀጉሩ ሲረግፍ የራስ ቅል ቆዳ ይቆጣል፣ ናይለኑ ያሳክካታል። እትዬ አይተው ዝም አሉ። ማታ አንድ ያረጀ፣ ብዙ ጊዜ ከመታጠቡ የተነሳ እንደ ጥጥ የለሰለሰ የራሳቸውን ነጠላ አመጡ። በመቀስ አራት ቦታ ቀደዱት፣ ጫፉን በእጅ ቀመቀሙት። "አዲስ ጨርቅ ይሻክራል፣ አሮጌ ነው የሚሻለው" አሏት። ከአራቱ አንዷ እስከ ዛሬ ቤታችን አለች።

አሁን ወደ አልጋው ልምጣ፣ ከሁሉም በላይ መናገር የምፈልገው እሱን ስለሆነ።

ክፍሎቹ ባለ ሁለት አልጋ ናቸው። እኔ አንድ ጡቷ ከተነሳበት ቀዶ ሕክምና ጀምሮ ለብቻዬ ነበር የምተኛው። ቁስሏን እንዳልነካባት፣ ስገላበጥ እንዳልቀሰቅሳት። ለእሷ ብዬ ነው፣ ጥሩ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እትዬ አንሶላ ሊቀይሩ ገቡ። በሁለቱ አልጋዎች መሐል ሻንጣችን ቆሟል። ሻንጣውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞረው "ቁስሉ ደርቋል አይደል?" አሏት። "ደርቋል" አለች። "ታዲያ ይሄ ሻንጣ እዚህ ምን ይሠራል?" ብለው አንስተው ጥግ አስቀመጡትና ወጡ።

ባለቤቴ ማልቀስ ጀመረች። ለካ ያን ሁሉ ሳምንት የተጸየፍኳት መስሏት ነበር። "አንድ ጡት ያላት ሴት አጠገብ መተኛት ከብዶህ ነው ብዬ ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ አጠገቧ ስሆን ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞረው ስለጠላችኝ መስሎኝ ነበር። አሥር ዓመት አብሮ የኖረ ሰው፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሻንጣ ተለያይቶ። ብዙ አልተናገርንም። አልጋዎቹን አገጣጠምናቸው። ያን ሌሊት እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ ተኛች፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ይሄን የምነግራችሁ እናንተም ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሻንጣ ሊኖር ስለሚችል ነው። እኔ አፍሬ ሳልጠይቅ የቆየሁትን ነርሷን በማግስቱ ጠየቅኳት። ማቀፍም መሳምም አብሮ መተኛትም ችግር የለውም አለችኝ። መድኃኒቱ ለሁለት ቀን ያህል በሽንትና በማስመለስ ስለሚወጣ ያን ሲያጸዱ ጓንት ማድረግ፣ የተበላሸውን አንሶላ ለብቻው ማጠብ ነው። በሕክምናው ጊዜ ደግሞ እርግዝና እንዳይመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ እሱን ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። አንድም ሰው አልሳቀብኝም። እንዲያውም ነርሷ "ወንዶች ስለማይጠይቁ ነው እንጂ ብንነግራቸው ደስ ይለናል" አለችኝ። በነገራችን ላይ ቀዩን መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን የሚሉትን፣ ከወሰደች በኋላ ሽንቷ ቀላ ሊል ይችላል። ደም አይደለም፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። እኛ ሳናውቅ የመጀመሪያው ዙር ላይ በድንጋጤ ልናብድ ነበር።

ባሎችም በዚህ ቤት ቦታ አላቸው። ማንጎው ሥር የሳር ወንበሮች አሉ። ሚስቶቹ ሲተኙ ወንዶቹ እዚያ ይሰበሰባሉ፣ እትዬ ግን ቁጭ ብለን እንድንተክዝ አይተዉንም። "አንተ ልጅ፣ በር በሩን እያየህ አታስጨንቃት፣ ና ነጭ ሽንኩርት ላጥልኝ" ይላሉ። እላጣለሁ። ሌላው ውኃ ይቀዳል፣ ሌላው ከሰል ያቀጣጥላል። እጃችሁ ሥራ ሲይዝ አፋችሁ ይፈታል። እኔ ለወንድሜ ያልነገርኩትን እዚያ ለማላውቃቸው ሰዎች ነገርኳቸው። አንድ ቀን ለእትዬ "አይዞሽ ከማለት ሌላ የምላት ነገር ጠፋኝ" ብያቸው "እንግዲያው አትበላት፣ እግሯን እሸው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እግሯን በቫዝሊን አሻለሁ። ኋላ ላይ ፓክሊታክሰል የሚባለው ሌላው የኬሞ መድኃኒት ሲጀመርላት ጣቶቿን እየደነዘዛት ነበርና ጭራሽ ሥራዬ ሆነ።

በሦስተኛው ዙር በጣም ስለደከመች ወደ ዲላ ሳንመለስ እዚያው ቆየን። በ11ኛው ቀን፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰውነቷ ሲግል ተሰማኝ። በየክፍሉ በር ጀርባ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት አለ፦ "38 ከደረሰ አትጠብቁ።" ከሥሩ ቴርሞሜትር ተንጠልጥሏል። ለካሁት። 38.6። ፓራሲታሞል ሰጥቼ እስኪነጋ ልጠብቅ አሰብኩ። እትዬ ኮቴዬን ሰምተው ወጡና "ኪኒኑን አስቀምጥ" አሉኝ። ትኩሳቱን ያበርደዋል፣ በሽታው ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። ለሚያውቁት የሰፈር ባጃጅ ልጅ ደወሉ። ፒጃማውን እንደለበሰ መጣ። ድንገተኛ ክፍል ደረስን፣ "ኬሞ ላይ ናት፣ ትኩሳት አላት" አልኩ፣ እሱን ስሰማ ሁሉም ተሯሯጠ። ነጭ የደም ሴሏ በጣም ወርዶ ነበር። በደም ሥር አንቲባዮቲክ ጀመሩላት፣ በ5ኛው ቀን ወጣች። ሐኪሙ እስኪነጋ ብትጠብቁ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው አለኝ። እናንተም ኬሞ በወሰደች ሰው ላይ ትኩሳት 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን ሂዱ። የባጃጁ ልጅ የሄደበትን ሒሳብ አልቀበልም ብሎ በስንት ልመና ተቀበለኝ።

ተስፋ የሚባለውን ነገር ያገኘነው ግን ከአንድ የበንሳ ገበሬና ከሚስቱ ነው። ባለቤቴ ያን ሰሞን "ለምን እኔ?" ማለት አብዝታ ነበር። የሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ፣ ቁጥር ነገርኳት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር አለባችሁ ተብለዋል ይላል፣ በእኛም አገር ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር እሱ ነው፣ ብቻሽን አይደለሽም አልኳት። "እሺ" አለችኝ። ቁጥሩ ምንም አላደረገላትም።

ከዚያ አራተኛው ዙር ላይ ሰዎቹ ለክትትል መጡ። እሱ የቡና ገበሬ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርዱንና ከወረዳው ያጻፈውን የሪፈር ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ይዞ የሚዞር ጥንቁቅ ሰው ነው። ወረቀቱ ከሌለ ከኪስ ይከፈላልና እናንተም መድኑ ካላችሁ ሳታጽፉ አትምጡ። ሚስቱ ሕክምናዋን ከጨረሰች ሁለት ክረምት አልፏታል። ማንጎው ሥር ተቀምጣ ሻሿን ፈታችው፣ ሙቀት ስለነበር። ከሻሹ ሥር ሹሩባ ነው። ከአንገቷ የወረደ፣ ቀጫጭን፣ ጫፍ ጫፉ የተጠቀለለ፣ ግንባሯ አካባቢ ሽበት ጣል ያለበት። ባለቤቴ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ሴትዮዋ ገባት። አማርኛዋ ብዙ አይደለም፣ "ንኪው" አለቻት። ባለቤቴ እጇን ዘረጋችና አንዱን ጉንጉን ከሥሩ እስከ ጫፉ በሁለት ጣቷ ይዛ ተከተለችው። "እንዳንቺ ነበርኩ" አለቻት ሴትዮዋ። "እዚያ ክፍል። ቡላ እንኳ አልገባልኝም።" ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ "ዘንድሮ ቡና ለቅሜያለሁ።" ባለቤቴ ያን ማታ ሳልለምናት አንድ ሰሃን ሾርባ ጨረሰች።

በማግስቱ ማታ ወደ ፍቅር ሐይቅ በባጃጅ ወሰድኳት። ግራ እጇን አቅፋ፣ ቀዶ ሕክምናው በዚያ በኩል ስለሆነ በዚያ እጅ ከባድ ነገር አትይዝም፣ ግፊትም አታስለካበትም። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ከአንድ ሰውዬ እጅ የዓሣ ጭንቅላት ነጥቆ ሲሮጥ አይታ ሳቀች። ድምፅ አውጥታ። ስንት ጊዜዋ ነው መሰላችሁ።

ቤቷ ጉድለት የላትም አልልም። ውኃ በየቀኑ አይመጣም፣ ሮቶ አለ ግን ሰው ሲበዛ ያልቃል፣ ስለዚህ ማታውኑ በጀሪካን ቅዱ። ክፍል 6 እና 7 አንድ መታጠቢያ ነው የሚጋሩት፣ በኬሞ ማግስት ወረፋ መጠበቅ ይከብዳልና ከተቻለ ከ1 እስከ 5 ያለውን ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም። አጠገቡ የብየዳ ቤት አለ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል፣ እትዬ ስንት ጊዜ ለምነዋቸው እስከ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ መፍጫውን እንዳያስነሱ ተስማምተዋል፣ አንዳንድ ቀን ይረሱታል። እንዲሁም እትዬ ቁጡ ናቸው። ሕመምተኛ አጠገብ ሲጋራ ያጨሰን ሰው፣ ወይም "እገሊትም በዚሁ ነው የሞተችው" እያለ የሚያወራን ጠያቂ ሳይሰናበት ያስወጡታል። እኔ ይሄን ከጉድለት አልቆጥረውም።

ዋጋው በእኛ ጊዜ ባለ ሁለት አልጋው ክፍል በቀን 500 ብር ነበር፣ ሰንበትበት ስንል 400 አደረጉልን። ምግብ ለብቻ ነው፣ የፈላ ውኃና ሻይ አይከፈልበትም። በቴሌብር ይቀበላሉ። ክፍል የሚሞላው እሑድ ማታ ነው፣ ሰኞ ቀጠሮ ስለሚበዛ። አንዴ ስልካቸውን ከያዛችሁ ቅዳሜ ደውላችሁ አስይዙ። ስትመጡ የባዮፕሲውን (የናሙና ምርመራውን) ውጤትና ሌላውንም ወረቀት ሁሉ በአንድ ፋይል ያዙ፣ ወፍራም ጋቢ ያዙ፣ መድኃኒቱ ሲገባ ይበርዳታል። ለሚያስመልሰው የታዘዘውን ኪኒን "ደህና ነኝ" ብላ እንዳትተወው፣ ማቅለሽለሹ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት ነው የሚወሰደው።

ባለቤቴ አራት ጊዜ ቀዩን፣ አራት ጊዜ ፓክሊታክሰል፣ በጠቅላላው ስምንት ዙር ወሰደች። ወደ ስድስት ወር ማለት ነው። የእናንተ ሊለይ ይችላል፣ እንደ ካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ ነው። ከዚያ ለጨረር ጥቁር አንበሳ ተልከን ሄድን፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ለጨረር አዲስ አበባ ሄዳችሁ ማደሪያ ከቸገራችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ሕመምተኞችን ይረዳል። አሁን ታሞክሲፈን የሚባለው ኪኒን ላይ ናት፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት በየቀኑ የምትወስደው። ስልኳ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይጮኻል፣ ትውጣለች፣ አለቀ።

ባለፈው ለክትትል ሄደን እትዬ ቤት ገባን። ጠዋት 4 ሰዓት ሊሞላ ነው፣ እትዬ ምጣዱን ይዘው ወደ ጓሮ ሊሄዱ ሲነሱ ባለቤቴ "እዚሁ ይሁን" አለቻቸው። ሌሎቹ ሆስፒታል ናቸው፣ ግቢው ውስጥ እኛ ብቻ ነን። እትዬ አላመኑም፣ "እርግጠኛ ነሽ?" አሏት። ከሰሉን ማንጎው ሥር አመጡት። ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ሁለታችንም ፊቷን ነው የምናየው። ምጣዱ ሲቀርብላት በእጇ ጭሱን ወደ ፊቷ ሳበች፣ አንዴ፣ ከዚያ ሌላ አንዴ። እትዬ ተነስተው ገቡና ደብተሩን አመጡ። የድሮ ገጽ ነው፣ ብዙ ገልጠው ነው ያገኙት። "ክፍል 4፣ ቡና ሲቆላ" የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዙት። "ቁሌቱስ?" አሏት። "እሱ ገና ነው" አለች። ቁሌቱን ተዉት።

ክፍል 4 ከደረሳችሁ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ሥሩ ድንጋይ ተደርጎበታል። ስታገጣጥሟቸው አትጎትቱት፣ ለሁለት አንሱት። ድንጋዩ ከበሩ ጀርባ ይቀመጣል።